የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኔ ስታይል ሰው ገጽ ላይ፣ የሰው ስታይል እኔ ላይ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ላኪዎቹ ቁጭ ብለው የተመካከሩ ይመስላሉ። ስድስቱም ስለ ሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ፣ ስታይሉን፣ የምንጽፍበት ቋንቋ) ነው፣ በተለይ አንድ ኮምፖነንት (እንደ ካሌንደር ወይ ካርድ ያለ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ቁራጭ) ሰርተን ሌላ ገጽ ላይ ስናስቀምጠው መልኩ ለምን እንደሚበላሽ። ስለዚ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ይሄን ብቻ እናውራ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። አዲስ አበባ ነው ምሰራው፣ ፍሮንት ኤንድ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ዴት ፒከር (ቀን መምረጫ) ሰርቼ፣ አስራ ሦስቱንም ወር ጳጉሜን ጭምር፣ ለሦስት ደንበኞች ሰጠሁ። አንደኛው ጋር ምንም አላለም። ሁለተኛው ቡትስትራፕ የሚባለውን የተዘጋጀ የስታይል ስብስብ ይጠቀማል፣ እዛ ላይ የሳምንቱ ሰባት ቀናት ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ካንዱ ስር ተደርድረው ካሌንደሩ እንደ መሰላል ወረደ። ሦስተኛው ደሞ ደውሎ «ያንተን ነገር ካስገባን ጀምሮ የደሞዝ ሰንጠረዣችን ተጨማደደ» አለኝ። ክላሶቹን (ስታይል የሚጠራባቸውን መለያዎች) ስም ቀየርኩ፣ ኢምፖርታንት የሚለውን ማስገደጃ ደረደርኩ፣ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። አንዱ ሻዶው ዶም ተጠቀም ይለኛል፣ አንዱ ቤም ይበቃሃል ይላል፣ ሌላው ሲኤስኤስ ሞጁልስ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የገጠመህ ሁለት ችግር ነው እንጂ አንድ አይደለም፣ ያደከመህም ሁለቱን ባንድ መድሃኒት ለማከም ስትሞክር ነው። ሁለተኛው ደንበኛ ጋር የሆነው የነሱ ስታይል አንተ ውስጥ ገብቶ ነው። ሦስተኛው ጋር ደሞ ያንተ ስታይል ወጥቶ እነሱን ነካ። መግባትና መውጣት የተለያየ ነገር ነው፣ ሰዎች የሚመክሩህ መንገዶችም እኩል አይከላከሉም፣ አብዛኞቹ መውጣቱን ብቻ ነው ሚከለክሉት።

መጀመሪያ ለምን እንደሚሆን እንይ። ሲኤስኤስን ሆኮን ቪዩም ሊ በ1994 ሲያቀርበው፣ የመጀመሪያው ደረጃም በ1996 መጨረሻ ሲወጣ፣ የታሰበው ለሰነድ ነበር። ርዕስ አለ፣ አንቀጽ አለ፣ ሰንጠረዥ አለ፣ አንድ ስታይል ሺት ሁሉንም ያለብሳል። አንድ ገጽ ላይ ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ኮምፖነንቶች ይቀመጣሉ የሚል ሃሳብ እዛ ውስጥ አልነበረም። ስለዚ ገጹ ላይ ያለ ስታይል ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚቀርበው፣ ማን እንዳመጣው አይጠየቅም፣ ክርክር ከተነሳ ስፔሲፊሲቲ (የትኛው ይበልጥ ለይቶ እንደጠራ) ይታያል፣ እሱ እኩል ከሆነ በኋላ የመጣው ያሸንፋል።

አሁን ያንተን ካሌንደር እንየው። ለሳምንቱ መስመር ክላሱን «ሮው» ብለህ እንደሰየምከው ገምቻለሁ፣ ምክንያቱም ቡትስትራፕ 5 ውስጥ ሮው የሚለው ክላስ ፍሌክስ (ልጆቹን ጎን ለጎን የሚደረድር) ነው፣ ሲሞላ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ በቀጥታ ስሩ ያሉትን ልጆች በሙሉ ደሞ ስፋታቸውን 100 ፐርሰንት ያረጋቸዋል። ሰባቱም ቀን እያንዳንዱ ሙሉ መስመር ያዘ ማለት ነው፣ መሰላሉ የመጣው ከዛ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ደሞ አንተ ሳትሆን አትቀርም ቴብልና ቲዲ (ሰንጠረዥና የሰንጠረዥ ክፍል) የሚሉትን ታጎች በቀጥታ ጠርተህ ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) ዜሮ፣ ስፋት ይሄን ያህል ብለህ የጻፍከው። ቲዲ ስትል ደሞ ገጹ ላይ ያለ ቲዲ ሁሉ ይሰማሃል፣ የደሞዙም ጭምር።

ቤም የሚባለው ያንዴክስ ውስጥ የተጀመረ የስም አወጣጥ ስርዓት ነው፣ ብሎክ፣ ኤለመንት፣ ሞዲፋየር፣ ስሙን በሁለት አንደርስኮርና በሁለት ሰረዝ እየከፋፈልክ ታረዝመዋለህ። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔ እስካሁን እወደዋለሁ፣ ቡድን ውስጥ ሰው ሲቀያየር ስሙን አይቶ ብቻ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን ያንተን ስም ልዩ ከማድረግ ውጪ ምንም አይሰራም። ደንበኛህ «በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) የሚባል ሁሉ ስፋቱ ሙሉ ይሁን» ብሎ ከጻፈ ያንተም በተን በተን ነው፣ ስሙ ምንም ቢረዝም አያድነውም። ሲኤስኤስ ሞጁልስ በ2015 አካባቢ የመጣው ይሄንኑ የስም ስራ ከሰው እጅ ወስዶ ለማሽን ሰጠ፣ ክላሱን ከጀርባ ማንም በማይደግመው ስም ይቀይረዋል። ከድረ ገጽ መስሪያ ፍሬምወርኮችም ስቬልት ክላስ ይለጥፋል፣ ቪዩ አትሪቢዩት ይለጥፋል፣ አንጉላርም ሳትነግረው በራሱ የሚጠቀመው ዘዴ እንደዛው አትሪቢዩት መለጠፍ ነው። ሁሉም ስማቸው ይለያይ እንጂ ስራቸው አንድ ነው፣ ያንተ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ይይዙታል። የውጪው እንዳይገባ ግን አንዳቸውም በር አይዘጉም።

ከመከሩህ ውስጥ ሻዶው ዶም ብቻ ነው ብራውዘሩ ራሱ በሁለቱም በኩል የሚያጥረው። ኮምፖነንትህ ውስጥ የራሱ ትንሽ ዛፍ ይኖራል፣ የውጪ ሴሌክተር (ስታይሉ ማንን እንደሚነካ የሚጠራው ክፍል) ወደ ውስጥ አያይም፣ የውስጥ ሴሌክተር ወደ ውጪ አያይም። ቡትስትራፕ ሮው ቢል ያንተን ሮው አያገኘውም፣ አንተም ቲዲ ብትል የደሞዙን ቲዲ አታገኘውም፣ እንደውም እዛ ውስጥ እንደ ሮው ያለ አጭር ስም በነጻነት መጠቀም ትችላለህ። አሁን በስራ ላይ ያለው አይነት ክሮም 53 እና ሳፋሪ 10 ላይ በ2016 ገባ፣ ፋየርፎክስ 63 ላይ በ2018፣ ኤጅ ደሞ በ2020 ወደ ክሮሚየም ሲዞር አገኘው። ስለዚ ብራውዘር አይደግፍም የሚለው ጭንቀት ካለፈ ቆይቷል።

ያንተ ካሌንደር ሰው ገጽ ላይ ነው የሚኖረው፣ ያ ገጽ ነገ ምን እንደሚጫንበት አታውቅም፣ ልትቆጣጠረውም አትችልም። ስለዚ ላንተ መልሴ ሻዶው ዶም ነው፣ አላመነታም። የራሱን አፕ ብቻ የሚሰራ ሰው፣ ገጹም ኮምፖነንቱም የሱ የሆነ፣ ግን ይሄንኑ ቢጠይቀኝ አይሆንም እለዋለሁ፣ እሱ ሳይቸግረው ጤፍ ይበደራል። የማሽኑ ስም ይበቃዋል። ማነው የገጹ ባለቤት የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ መልስ፣ ቴክኖሎጂውን የሚመርጥልህ እሱ ነው።

ስትጀምር የሚያጋጥሙህን ሁለት ሦስት ነገር ልንገርህና ልለፍ። የራስህ ታግ ዲስፕሌይው ካልነገርከው ኢንላይን ነው፣ ስለዚ ሆስት በሚለው፣ ታግህን ራሱን ከውስጥ በሚጠራው ሴሌክተር ብሎክ ወይ ኢንላይን ብሎክ በለው፣ ያን ስትጽፍ ደሞ ሂደን የሚለው መደበቂያ አትሪቢዩት መስራት ያቆማል፣ ሆስት ሂደን ሲሆን ዲስፕሌይ ነን (none) ብለህ መልሰህ ጻፈው። ሌላው፣ አንድ ፎርም ላይ ሰላሳ ዴት ፒከር ቢኖር ስታይሉን ሰላሳ ጊዜ አትድገመው፣ አንድ ስታይል ሺት በጃቫስክሪፕት ሰርተህ አዶፕትድ ስታይል ሺትስ በሚባለው ለሁሉም ማካፈል ይቻላል፣ ከሳፋሪ 16.4 ወዲህ ማለትም ከ2023 ጀምሮ ሁሉም ዋና ዋና ብራውዘር ላይ አለ። ደሞ ሻዶው ዶምን እንደ ሴኩሪቲ እንዳታየው፣ ክሎዝድ ብትለውም የገጹ ጃቫስክሪፕት ካንተ ጋር እዛው ነው ያለው። የካርድ ቁጥር ምናምን የሚቀበል ነገር ከሆነ ቦታው አይፍሬም (ገጽ ውስጥ የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ሌላ ገጽ) ነው፣ ከፍታውን ማስተካከል ቢያስቸግርም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ በዚህ ስራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ አሁን ለማህበረሰባችን ድረ ገጾች የሚሆን የዝግጅት ማስታወቂያ ካርድ በሻዶው ዶም ሰራሁ። አማርኛው የሚነበብበትን ፎንት ራሱ ካርዱ ውስጥ ፎንት ፌስ በሚለው የፎንት መጫኛ ትዕዛዝ አስገብቼዋለሁ፣ ግን ብራውዘሩ አያየውም፣ በሌላ ፎንት ነው የሚያወጣው። ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ጽሁፉ በጣም አንሶ ወጣ፣ መስመሮቹም ተጣብቀዋል። ሻዶው ዶም ከውጪው ይከላከላል አልነበረም?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የነኩት ቦታ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፣ ደግሞ የኛን ፊደል ከሌላው የበለጠ ስለሚጎዳው ሰፋ አርጌ ልመልስ።

ፎንቱ ላይ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ፎንት ፌስ ሻዶው ዶም ውስጥ ቢጻፍ አይሰራም፣ ፎንት የሚመዘገበው በዋናው ገጽ ደረጃ ነው። አንዴ ዋናው ገጽ ላይ ከተመዘገበ ግን ውስጥ ሆነው በስሙ ሊጠሩት ይችላሉ። ስለዚ ካርዱ ሲጫን በጃቫስክሪፕት ፎንቱን ዶክመንቱ ላይ ይጨምረው፣ ፎንት ፌስ የሚባለው ኤፒአይ ለዚህ ነው ያለው፣ ወይ ደሞ ሄድ ውስጥ ሊንክ ይጨምር። ይሄኔ ግን አጥሩን በገዛ እጃችን ትንሽ ከፈትነው ማለት ነው፣ ስሙ አሁን የጋራ ነው፣ ገጹ በዛው ስም ሌላ የፎንት ፋይል ካለው ይጋጫሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ቢያስገቡ እንኳ እርስዎ የሚሰጡት ስም ላይ የካርድዎን ስም ከፊቱ ይጨምሩበት። ዩኒኮድ ሬንጁንም (ፎንቱ የሚያገለግላቸውን ፊደላት ክልል) ይወስኑለት፣ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ብሎክ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ የገባው ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው ነው፣ እሱን ከጻፉለት ገጹ ላይ አማርኛ ከሌለ ብራውዘሩ ፎንቱን አያወርድም፣ የሰው ዳታ አይበላም። ፎንቱ እስኪደርስ ደሞ ማሽኑ ላይ ያለው ይወጣል፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይ ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ውፍረታቸውም ስፋታቸውም አንድ አይደለም፣ ስለዚ ካርዱ ውስጥ ቁመትን በፒክስል ቆርጠው አያስቀምጡት።

ወደ መጣበቁና ወደ ማነሱ እንምጣ። ሻዶው ዶም ሴሌክተርን ነው የሚያቆመው፣ ውርስን አያቆምም። ቀለም፣ ፎንት ፋሚሊ፣ የፎንት መጠን፣ ላይን ሃይት (የመስመር ከፍታ)፣ ሌተር ስፔሲንግ (በፊደላት መሃል ያለ ክፍተት)፣ ቴክስት አላይን (የጽሁፍ አሰላለፍ)፣ እነዚህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርዱት አጥሩን አልፈው ይወርዳሉ። ገጹ ባዲው ላይ ላይን ሃይት 1 ብሎ ከሆነ ለላቲን ርዕስ ሊያምር ይችላል፣ የኛ ፊደል ግን ላይና ታች የሚሞላ ነው፣ መስመሩ ይጣበቃል፣ ያዩት እሱን ነው። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ካርዱ ውስጥ አንድ ጠቅላይ ዲቭ አርገው እሱ ላይ ላይን ሃይትን፣ ሌተር ስፔሲንግን፣ ቴክስት አላይንን በግልጽ ይጻፉ። ሆስት ላይ አይጻፉት፣ ምክንያቱም ገጹ የርስዎን ታግ በስሙ ጠርቶ ከጻፈ ከሆስት ሴሌክተሩ እሱ ያሸንፋል፣ የውስጡን ዲቭ ግን አይነካውም። ኦል ኢኒሻል የሚባለውን ባንድ ጊዜ ሁሉንም የሚያጠፋ ነገር ሰው ይመክራል፣ እኔ አልወደውም፣ የገጹን ቀለምና ፎንት መውረስ እኮ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ነገር ነው፣ ካርዱ የገጹ ሰው እንዲመስል።

ጽሁፉ ማነሱ ግን ከውርስም አይደለም፣ ሬም ከሚባለው የመጠን መለኪያ ነው። ሬም ሁሌም የሚቆጥረው ከኤችቲኤምኤል ታጉ የፎንት መጠን ነው፣ ሻዶው ዶም ውስጥ ሆኖም ያንኑ ነው የሚያየው። ብዙ ገጾች ደሞ ሂሳቡ እንዲቀላቸው ኤችቲኤምኤሉን 62.5 ፐርሰንት ያረጉታል፣ 16 የነበረው 10 ይሆናል፣ 1.6 ሬም ሲሉ 16 ፒክስል ያገኛሉ። እርስዎ 1 ሬም ብለው 16 ጠብቀው 10 ፒክስል ወጣልዎት። ፒክስል ይጠቀሙ የሚልዎት ይኖራል፣ ግን አይናቸው ደከም ያለ አባቶችና እናቶች ብራውዘራቸው ላይ ፊደሉን አሳድገው የሚያነቡት አሉ፣ ፒክስል ያንን ይንቃል። ኤም ይጠቀሙ። ኤም ካርዱ ካረፈበት አካባቢ ጽሁፍ ይወርሳል፣ እዛ ገጽ ላይ አንቀጹ 16 ከሆነ ካርዱም 16 ይሆናል፣ አንባቢው ካሳደገው አብሮ ያድጋል።

እኔ አንድ የማረገውን ልንገርዎ፣ ክፉ ገጽ የምለው አንድ ፋይል አለኝ። ኤችቲኤምኤሉ 62.5፣ ላይን ሃይት 1፣ ሌተር ስፔሲንግ የተዘረጋ፣ በተን ሁሉ ስፋቱ ሙሉና በትልቅ ፊደል፣ ቲዲ ሁሉ ፓዲንጉ 40፣ ኮከብ ብሎ ሁሉን የሚጠራ ሴሌክተር ማርጅን የሚጨምር። የሰራሁትን ኮምፖነንት ለማንም ከመስጠቴ በፊት እዛ ላይ አስቀምጬ አያለሁ። በነገራችን ላይ ያ ኮከብ አጥሩን አያልፍም፣ ስለዚ የገጹ ቦክስ ሳይዚንግ ቦርደር ቦክስ (ስፋት ሲለካ ፓዲንግና ጠርዝ አብሮ ይቆጠር የሚለው) ውስጥ አይደርስም፣ እርስዎም ውስጥ ደግመው መጻፍ አለብዎት።

ጥያቄ፦ እኔ ሻዶው ዶም ተጠቅሜ ጨረስኩ ብዬ ነበር፣ አሁን ደንበኞች «ቀለሙን ወደ ድርጅታችን ቀለም ቀይሪልን» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ቅጂ ማስቀመጥ ጀመርኩ፣ አሁን ሰባት ደርሷል። ከአዳማ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰባቱን ቅጂ ዛሬውኑ አንድ ማድረግ ጀምሪ፣ ስምንተኛው ከመጣ በኋላ ይከብድሻል።

አጥር ከሰራን በር መስራትም የኛ ስራ ነው። ሁለት አይነት በር አለ። የመጀመሪያው ሲኤስኤስ ቫሪያብል ነው፣ ከስተም ፕሮፐርቲ የሚባለው፣ እሱ ስለሚወረስ አጥሩን ያልፋል። ውስጥ ላይ ቀለሙን ስትጽፊ «ቫሪያብሉ ካለ እሱን፣ ከሌለ አረንጓዴ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ደንበኛው ደሞ ገጹ ላይ ቫሪያብሉን የራሱ ቀለም ያረገዋል፣ አለቀ። ስሙ ፊት የኮምፖነንትሽን ስም አድርጊ፣ «ፕራይመሪ ከለር» የሚባል ቫሪያብል ገጹም ስለሚኖረው ሳትፈልጊ ትወርሺዋለሽ።

ሁለተኛው ፓርት ነው። ውስጥ ያለን አንድ ኤለመንት ፓርት በሚል አትሪቢዩት ስም ትሰጪዋለሽ፣ ደንበኛው ከውጪ በዛ ስም ጠርቶ የፈለገውን ስታይል ይጽፍበታል። ከ2020 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ላይ አለ። ገደቡ ግን ጥሩ ነው፣ ደንበኛው ፓርቱን ራሱን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ከዛ ስር ያለውን ልጅ መጥራት አይችልም፣ ውስጥሽን አይበረብርም።

መቼ የቱን የሚለው ላይ እኔ ስስት አለኝ። ቀለም፣ የጠርዝ ክብነት፣ ክፍተት በቫሪያብል ይሁን፣ ፓርት ግን ለሁለት ለሦስት ቦታ ብቻ። ምክንያቱም አንዴ ስም ሰጥተሽ ካወጣሽው ቃል ገብተሻል። እኔ አንድ ጊዜ ለጽዳት ብዬ የአንዱን ፓርት ስም ቀየርኩ፣ ኮዱ ውስጥ ምንም አልተሰበረም፣ ቴስቱም አለፈ፣ አንድ ደንበኛ ጋር ግን በሌሊት ገጹ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ አደረ፣ ጠዋት ማንም ሰው ምንም ማንበብ አልቻለም። ከዛ ወዲህ የፓርትና የቫሪያብል ስም ዝርዝር ከፈንክሽኖቹ ጋር እኩል ሰነድ ላይ ይጻፋል፣ ሲቀየርም እንደ ትልቅ ቨርዥን ለውጥ ነው ማየው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። በቪዩ ነው የምሰራው፣ ስታይሉ ላይ ስኮፕድ (ለዚህ ኮምፖነንት ብቻ) ብዬ ጽፌያለሁ፣ ግን የአባትየው ኮምፖነንት ስታይል ልጅየውን ነካው። በግ (የፕሮግራም ስህተት) ነው?

መልስ፦ በግ አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ቪዩ ውስጥ የልጅ ኮምፖነንት የላይኛው ኤለመንት፣ ሩቱ ማለት ነው፣ የአባትየውንም የራሱንም ምልክት ነው የሚይዘው፣ አባት ልጁን የት እንደሚያስቀምጥ ማርጅኑን ስፋቱን መወሰን እንዲችል። ከሩቱ በታች ያሉትን አይነካም። ስለዚ ሁለቱ ጋር ለሩቱ አንድ አይነት የክላስ ስም አትስጥ፣ «ራፐር» ብለህ ሁለቱም ጋር እንዳለህ ገምታለሁ። በቪ ኤችቲኤምኤል ያስገባኸው ጽሁፍ ደሞ በተቃራኒው ስኮፕድ ስታይል አይደርሰውም፣ ዲፕ (deep) የሚባለውን ሴሌክተር መጠቀም አለብህ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ተማሪ ነኝ። አት ስኮፕ (@scope) የሚባል አዲስ የሲኤስኤስ ነገር አየሁ፣ ከዚህ በኋላ ሻዶው ዶም አያስፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ ግን ጥሩ ነገር ነው ያየኸው፣ እኔ በግሌ ስጠብቀው የነበረ ነው። ሃሳቡ አዲስ አይደለም፣ ድሮ ስታይል ታግ ላይ ስኮፕድ የሚል አትሪቢዩት ነበር፣ ፋየርፎክስ 21 በ2013 ሰርቶት ነበር፣ ሌሎቹ ሳይቀጥሉበት ቀርተው ከደረጃው ወጣ። አሁን በሌላ መልክ ተመለሰ፣ ክሮም 118 ላይ በ2023፣ ሳፋሪ 17.4 ላይ በ2024፣ ፋየርፎክስ ከሁለቱ ኋላ ነው የደረሰው።

የሚሰራው ይሄን ነው። «ከዚህ ኤለመንት ጀምሮ እስከዛ ኤለመንት ድረስ» ብለህ ለሴሌክተሮችህ ክልል ትሰጣቸዋለህ። እስከ የሚለው ነው ቆንጆው። ለምሳሌ የዜና ካርድ አለህ እንበል፣ መሃሉ ላይ ጸሐፊው የፈለገውን የሚያስገባበት ቦታ አለ፣ የካርዱ ስታይል ጠርዙን ያልብስ ግን መሃሉን አይንካ ትላለህ፣ እንደ አምባሻ ቀለበት ማለት ነው መሃሉ የተፈለቀቀ። በስም አወጣጥ ይሄን ማድረግ ከባድ ነበር። ሌላም አለው፣ ቅርበትን ይቆጥራል። ጥቁር ገጽታ ውስጥ ነጭ ክፍል፣ በሱ ውስጥ ደሞ ተመልሶ ጥቁር ክፍል ቢኖር፣ ድሮ ስፔሲፊሲቲው እኩል ሲሆን ፋይሉ ላይ በኋላ የተጻፈው ያሸንፍ ነበር፣ አሁን ለኤለመንቱ ቅርብ የሆነው ክልል ያሸንፋል።

ነገርግን ልብ በል፣ ያንተን ሴሌክተር ነው የሚገድበው፣ የሌላውን አይከለክልም። የገጹ «በተን ሁሉ» አሁንም ይገባል። ስለዚ የራስህ አፕ ከሆነ አት ስኮፕን ተማረው፣ ያለ ምንም ቢልድ ቱል (ኮዱን ቀድሞ የሚያዘጋጅ መሳሪያ) ይሰራል፣ ለተማሪ ደሞ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ለሰው ገጽ የምትሰጠው ከሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ከላይ አንብበው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ጋር የምንመሳሰል ይመስለኛል፣ እኔም ቀን መምረጫ ነው የሰራሁት፣ ከሪያድ ነው የምጽፈው። ሻዶው ዶም ውስጥ ካስገባሁት በኋላ ስታይሉ ቆንጆ ሆነ፣ ግን ፎርሙ ሲላክ ቀኑ አብሮ አይሄድም፣ ሌብሉን (የሳጥኑን መጠሪያ ጽሁፍ) ስጫነውም ኢንፑቱ (መሙያ ሳጥኑ) አይከፈትም። ወደ ድሮው ልመለስ?

መልስ፦ አትመለስ፣ ግን የሆነው ነገር እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ሻዶው ዶም ስታይልን ብቻ አይደለም የሚያጥረው፣ አይዲንም ፎርምንም ያጥራል። ውጪ ያለ ሌብል ውስጥ ያለን ኢንፑት በአይዲ ሊያገኘው አይችልም፣ ኤሪያ ሌብልድ ባይና ኤሪያ ዲስክራይብድ ባይ የሚባሉትም እንደዛው፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደር በነዚህ ነው የሚመራው፣ ስለዚ ዝም ብለህ የምታልፈው ነገር አይደለም።

አንዱ መንገድ ታግህን ራሱን የፎርም አባል ማድረግ ነው። ክላሱ ላይ ፎርም አሶሲየትድ ትላለህ፣ ኤለመንት ኢንተርናልስ የሚባለውን ይዘህ ቀኑ በተመረጠ ቁጥር ሴት ፎርም ቫልዩ ታረጋለህ፣ ያኔ ፎርሙ ሲላክ ቀኑ አብሮ ይሄዳል፣ ሌብሉም ታግህን ራሱን በአይዲው መጥራት ይችላል፣ ዴሌጌትስ ፎከስ ከጨመርክለት ፎከሱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሳፋሪ 16.4 በ2023 ከደረሰ ወዲህ በሁሉም ይሰራል። ጥሩ ነው፣ ግን ባዶ ሲሆን የሚወጣውን የስህተት መልእክት፣ ፎርሙ ሪሴት ሲደረግ፣ ብራውዘሩ በራሱ ሲሞላ፣ ዲሴብልድ ሲሆን፣ ይሄን ሁሉ አንተ ራስህ መጻፍ አለብህ፣ ኢንፑት ታግ በነጻ ይሰጥህ የነበረውን ነገር።

ሁለተኛው መንገድ እኔ የምመርጠው ነው። ኢንፑቱን አጥሩ ውስጥ አታስገባው። ደንበኛው በታግህ መሃል ተራ ኢንፑት ይጻፍ፣ ሌብሉን እንደለመደው ያያይዝ፣ አንተ በስሎት (ከውጪ ለሚገባ ነገር በተተወ ክፍት ቦታ) ቦታውን ታሳየዋለህ፣ የሚከፈተው ካሌንደር ብቻ ሻዶው ዶም ውስጥ ይሆናል። ኢንፑቱ የገጹ ስለሆነ የገጹን ስታይል ይለብሳል፣ ከጎኑ ካሉት የስምና የስልክ ኢንፑቶች ጋር ይመሳሰላል፣ ደንበኛው የሚፈልገውም እሱን ነው። አንተ ከውስጥ ስሎትድ በሚለው ሴሌክተር የምትጽፍበት ካለ መነሻ ብቻ ነው፣ ገጹ የጻፈው ያሸንፍሃል፣ ደሞ ስሎትድ በቀጥታ የገባውን ኤለመንት እንጂ የሱን ልጆች አያገኝም። ካሌንደሩ ግን ያንተ ነው፣ ማንም አይነካውም። ጃቫስክሪፕቱ ባይጫን እንኳ፣ ኔትዎርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ያለ ሰው፣ ቀኑን በእጁ ጽፎ ፎርሙን መላክ ይችላል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ያንተም የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ። የካሌንደሩን ከፍታ በሠላሳ ቀን ወር ብቻ ለክተህ እንዳትተወው። ጳጉሜን አምስት ወይ ስድስት ቀን ስለሆነች አንድ መስመር ወይ ሁለት መስመር ብቻ ትይዛለች፣ ሰው ከነሐሴ ወደ ጳጉሜን ሲሻገር ሳጥኑ ድንገት ያጥርና የቀጣዩ ወር በተን ከጣቱ ስር ይሸሻል። ሚኒመም ሃይት በኤም ስጠውና 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሞክረው፣ ስድስት ቀን የነበራት ዓመት ነች፣ ከዛ 2016ን ሞክረው፣ በመሃል በተኑ ቦታውን ካልለቀቀ ለደንበኛው ስጠው።